የብርሌው አንገት

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግሩ የሚሄድ ሰው ቁልቁለቱን ጨርሶ ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ትንሽ ይተነፍሳል። ለብዙ ዓመት የተመላለስኩበት ጠጅ ቤት ከድልድዩ ሳይርቅ፣ ወደ ወንዙ በሚወርድ ቅያስ ውስጥ ነበር። ሰሌዳ አልነበረውም። በሩ ላይ የጨርቅ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ኋላ ረጃጅም አግዳሚዎች፣ ከአግዳሚዎቹ ኋላ በክረምት ሲሞላ ወሬ የሚያስቆም ወንዝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን የወሰደኝ ጓደኛዬ ዐይኔ ግድግዳው ላይ ሲንከራተት አይቶ፣ «ቤቱን አትመልከት፤ ብርሌውን ተመልከት» አለኝ። እነሆ ከዚያ ቀን ወዲህ ብርሌ ስመለከት እኖራለሁ።

ስለ ጠጅ ቤት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ስካር ነው። አንዳንዱም ከቡና ቤት ጋር ያምታታዋል። ከእኛ ሰፈር ብዙም በማይርቀው ውቤ በረሃ የነበረው የሌሊት ኑሮ፣ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን ያቆመበት ዓለም፣ የቡና ቤት ዓለም ነው። መብራት ሲበራ ይጀምራል። እኔ የማውቀው ጠጅ ቤት የቀን ቤት ነበር፤ ረፋድ ላይ ይከፍታል፣ ሲመሽ ይዘጋል። ደንበኛውም ከቀብር የተመለሰ፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ የዋለ፣ ጡረታውን የተቀበለ፣ ጫማውን አስጠግኖ የመጣ ሰው ነው።

ጠጅ ምን እንደሆነ ለዚህ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ማር፣ ውኃና ጌሾ ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፣ አንድ እጅ ማር ለሦስት ወይም ለአራት እጅ ውኃ ይበጠበጣል፣ ጌሾ ይገባበታል። ለጠላ ቅጠሉ፣ ለጠጅ በአብዛኛው እንጨቱ። ከዚያ ወዲያ ያለው የጣዩ ትዕግሥትና የአየሩ ሙቀት ነው። ያልፈላው ብርዝ ነው፤ እሱን ልጅም ይጠጣዋል።

አሁን ወደ ብርሌው ልምጣ። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጭንና ረዘም ያለ፣ አፉ በጥቂቱ ገለጥ ያለ የመስታወት ዕቃ ነው። ብዙ ሰው ብርሌ የባህል ጌጥ ይመስለዋል። በሶፍት ተጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብለት ፎቶ ያነሳውና «እባክህ፣ በብርጭቆ አድርግልኝ» ይላል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ከልቤ አዝናለሁ፤ የብርሌው አንገት ጌጥ ሳይሆን ሥራ ያለው ነገር ነውና።

ጠጅ እንደ ፋብሪካ ቢራ ተጣርቶ ያለቀ መጠጥ አይደለም። በጨርቅ ቢጠልም ከማሩ ሰፈፍ፣ ከጌሾው ፍርፋሪ፣ ከእርሾው ደለል የሚቀር አለ። ብርሌው ሲቀመጥ ያ ሁሉ ሆዱ ግርጌ ላይ ይሰፍራል። ቀስ ተደርጎ ሲዘነበል ደግሞ ትከሻው ይይዘዋል፤ ንጹሑ ጠጅ በአንገቱ በኩል ሲያልፍ ደለሉ ወደ ኋላ ይቀራል። በብርጭቆ የጠጣ ሰው ግን የመጨረሻውን ጉንጭ ከነአተላው ይውጥና «ጠጁ ደፈረሰብኝ» ብሎ ቤቱን ያማል።

ሁለተኛም አለ። ብርሌ የሚያዘው በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣትና በመሐል ጣት፣ አንገቱ ላይ ነው። ሆዱን በመዳፍ ጨብጦ የሚያቅፍ ሰው ጠጁን በገላው ያሞቀዋል፤ የሞቀ ጠጅ ደግሞ ጌሾው ይከብዳል፣ ኮምጣጣነቱ ጎልቶ ይወጣል። አንገቱን ሲይዙት ግን ሆዱ ነፃ ይሆናል፤ ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርጎ ቀለሙንም ጥራቱንም ማየት ይቻላል። ጠጅ ቤት ውስጥ ሽማግሌዎች ከመጎንጨታቸው በፊት ብርሌውን ወደ ብርሃን የሚያነሡት ለዚህ ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን ይህ ነው። ጠጁ በሚወጣበት በዚያው ቀጭን በር አየር መግባት አለበት። ስለዚህ ብርሌን ገልብጦ መጋት አይቻልም። የቸኮለ ሰው ሲገለብጠው ቡልቅ ቡልቅ ይልና ደረቱ ላይ ይደፋበታል። አንድ ቅዳሜ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ጎረምሳ፣ ምናልባት ከሠርግ አጃቢነት የመጣ፣ በጓደኞቹ ፊት በአንድ ትንፋሽ ሊጨርሰው ሞክሮ ከአንገቱ እስከ ቀበቶው ወርቅማ ሆኖ ሲነሣ አይቻለሁ። ብርሌው ራሱ ጠጪውን ቀስ በል ይለዋል። ትንሽ ትጎነጫለህ፣ ታስቀምጣለህ፣ ታወራለህ። የጠጅ ቤት ወሬ ረጅም የሆነው የጠጪው ጠባይ ብቻ ሆኖ አይደለም፤ የዕቃው ቅርጽም አለበት።

ይህ አንገት ለአጣቢ ግን ፈተና ነው። እጅ አያስገባም። አንድ ጠዋት ቀድሜ ደርሼ እመቤቲቱ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ብርሌ ሲያጥቡ ቁጭ ብዬ አየሁ። ጭብጥ ጥሬ ገብስና ለብ ያለ ውኃ ይጨምሩበታል፣ አፉን በአውራ ጣታቸው ይደፍኑታል፣ ከዚያ ይንጡታል። ገብሱ መስታወቱን ሲመታ ድምፁ ጸናጽል ይመስላል። ደፍተው በንጹሕ ውኃ ሁለት ጊዜ ያለቀልቁታል፣ አንዱን ዐይን ጨፍነው በአንገቱ በኩል ወደ ውስጥ ያያሉ፣ ጉድፍ ካዩ እንደገና ገብስ። ሳሙና ለምን አይጠቀሙም ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሳሙናው ታጥቦ ቢሄድ ሽታው ይቀራል፤ ማርን ከምን ጋር ልታገናኘው ነው?» አሉኝ። ዛሬ አንዳንድ ቤት ሃምሳውን ብርሌ በአንድ ባልዲ ውኃ ነክሮ ሲያወጣ ሳይ እሳቸውን አስታውሳለሁ። አንባቢዬ፣ ጠጅ ከመቀዳቱ በፊት ባዶውን ብርሌ ማሽተት ነውር አይደለም። ጠይቃችሁ አሽትቱ።

ያ ቤት አንድ አሳላፊ ነበረው። አሳላፊ የሚለው ቃል ከነገሥታቱ ግቢ የወረደ ነው። ጠጅ ቤት ራሱ ከወጥ ቤትና ከግምጃ ቤት ጋር የቤተ መንግሥቱ አንድ ክፍል ነበር፤ በምኒልክ ግብር ላይ ጠጁ በየማዕረጉ ይታደል ነበር፤ ሕዝቡ በየቤቱ የሚጠጣው ጠላ ነበር። በግቢ ሥርዓት ጠጅ አሳላፊ ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምስ ነበር፤ መርዝ እንደሌለበት ምስክሩ ራሱ ነበር። ጌታው ሲጠጣም ዐይን እንዳይበላው በጨርቅ ይጋረድ ነበር። እንዲህ የነበረ መጠጥ ነው ዛሬ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን በኪሳችን ገንዘብ የምናዝዘው። ሽያጩም ቢሆን አራዳ ላይ ከተጀመረ ብዙ ዘመን አልሆነውም። በ1898 ዓ.ም. የተሠራው የእቴጌ ሆቴል ሥራ ሲጀምር ምግብና መጠጥ ለእንግዳ በገንዘብ ማቅረብ ለከተማው እንግዳ ነገር ነበር። 

የእኛ አሳላፊ በመዳፉ አይቀምስም፤ ሥርዓቱ ግን እጁ ላይ ነበር። በአንድ እጁ ጣቶች መካከል አራት ብርሌ በአንገታቸው አንጠልጥሎ፣ በሌላው ማንቆርቆሪያውን ይዞ ይመጣል። አይጽፍም፣ አይጠይቅም። ማን ደረቅ እንደሚጠጣ፣ ማን ሐኪም እንደከለከለውና ብርዝ እንደሚሻ፣ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ በሌላ አግዳሚ መቀመጥ እንዳለበት ያውቃል። በጣም የምወድለት ግን ደንበኛው በቅቶት ሳለ ሲጠራው የሚያደርገው ነው። «ይበቃዎታል» ብሎ ሰው አያሳፍርም። አንድ ሳህን የገብስ ቆሎና ውኃ ያመጣና «እስኪ ይህችን ይቅመሱ ጋሼ፤ አሁን ነው የተቆላች» ይላል። ቆሎው እስኪያልቅ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ያን ጊዜ ጋሼ ራሱ ኮፍያውን ይፈልጋል። ይህን የመሰለ መስተንግዶ ባለ ወፍራም ምንጣፍ ሆቴሎች ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

አሁን ደግሞ ስንትና ስንት ሰው ያሳሳተ ነገር ልንገራችሁ፤ ለስላሳ ጠጅ። ሰው ይገባና «ለስላሳ አድርግልኝ፣ ሥራ አለብኝ» ይላል። ለስላሳ ማለት ቀላል ማለት ይመስለዋል። አይደለም። ለስላሳ ማለት ጣፋጭ ማለት ነው። እርሾ የማሩን ስኳር እየበላ ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ ስኳሩ ሲያልቅ ጠጁ ደረቅ ይሆናል። ደረቅ የተባለው ካቲካላ ስለተጨመረበት ሳይሆን ጣፋጩ ስላለቀ ነው። ጣፋጭ ጠጅ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ገና በልጅነቱ የተቀዳ፣ እርሾው ሥራውን ያልጨረሰበት ነው፤ ይህ በእርግጥ ቀለል ይላል። ሌላው ፈልቶ ያለቀ፣ ጉልበቱ የሞላ ደረቅ ጠጅ ሆኖ መጨረሻ ላይ ማር፣ በክፉ ቤት ደግሞ ስኳር፣ የተጨመረበት ነው። ሁለቱን ምላስ አይለያቸውም። ሁለተኛውን የሚጠጣ ሰው ጉልበቱ ጣፋጩ ውስጥ ተደብቆበት እንደ ብርዝ ይደጋግመዋል። ከክፍለ ሀገር የመጣ ጓደኛዬ እንዲህ አራት ብርሌ «ለስላሳ» ጠጥቶ፣ ያንን የፒያሳ ዳገት ለሁለት ደግፈን አወጣነው። በማግስቱም ጌሾውን ይረግም ነበር።

ስለዚህ ጣዕሙን አትጠይቁ፤ ዕድሜውን ጠይቁ። «ከተጣለ ስንት ቀኑ ነው? ማር ተመልሶበታል ወይ?» በሉ። ደህና አሳላፊ እውነቱን ይነግራችኋል፤ ያልነገራችሁ እንደሆነ ሌላ ቤት ሂዱ። ቀለሙንም አትመኑ። ቢጫነት የማር ማረጋገጫ አይደለም። የአገራችን ማር ነጩም ቀዩም አለ፣ ቢጫ ግን በቀለምም ይመጣል።

ምግቡ? ጠጅ ቤት ምግብ ቤት አይደለም፤ ምናሌ የለም ብለው የሚያማርሩ ሰዎች የተሳሳተ በር የገቡ ናቸው። የእኛ ቤት ቆሎና ንፍሮ፣ ዳቦ በአዋዜ ነበረው። ሥጋ የፈለገ ጎረቤት ካለው ሥጋ ቤት ያስመጣል፤ ልጁ ቁርጡን በሳህን፣ ቢላዋውን በላዩ፣ ሚጥሚጣውን በጥግ አድርጎ ይዞ ይገባል። የደረቅ ጠጅ ኮምጣጣነት ከጥሬ ሥጋ ስብ ጋር እንዴት እንደሚስማማ የቀመሰ ያውቀዋል። ረቡዕና ዓርብ ቢላዋው ያርፍና ሽምብራው ይነግሣል።

ወንዙን አላሳምረውም። በበጋ መስኮቱን የምንከፍተው ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አይተን ነበር፤ ከተማው የጣለበትን ሁሉ ተሸክሞ ያልፋል። በሐምሌ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። እንጦጦ ላይ የዘነበው ዝናብ ደርሶ ድንጋዩን ሲያንከባልል ወሬያችን ይቆማል፣ አሳላፊው እንኳ ማንቆርቆሪያውን ይዞ መስኮቱ ላይ ይቆማል። ዐሥር ሰዓት ላይ የሚመጣ ሽማግሌ አዝማሪ ነበር። በክረምት ማሲንቆውን ቃኝቶ ወንዙ እስኪያባራ ይጠብቃል። ድምፁን ከወንዙ ጋር አያጋፋም። ጋብ ሲል ይጀምራል፤ ግጥም መስጠት የፈለገ ወደ ጆሮው ጠጋ ይላል።

አራዳ ብዙ ነገር ተነሥቶበታል። ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ታላቁን ገበያ ጣሊያን ወደ ዛሬው መርካቶ ወሰደው፤ ፒያሳ የሚለውን ስም ግን ትቶልን ሄደ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ጠጪውን ወደ ጠርሙስ ሲጠራው ኖሯል። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ዙሪያው ሲፈርስ የማውቃቸው ቅያሶች አብረው ጠፉ። የእኛ ቤት ከዚያ ቀደም ብሎ ነው የተዘጋው። እትዬ ደከማቸው፣ ጋኑን ለማጠን ማጎንበስ አቃታቸው፣ ልጆቻቸውም ሌላ ሥራ ያዙ።

ባለፈው ጥቅምት በሰሜን ማዘጋጃ በኩል ስሄድ ከአንድ በር የወይራ ጢስ ሸተተኝ። ገባሁ። አሳላፊው እሱ ነው፤ ፀጉሩ ነጥቷል። ስሜን አልጠራም፣ ምን እንደምጠጣም አልጠየቀኝም። ከመደርደሪያው አንድ ብርሌ አንሥቶ ወደ ጆሮው አስጠጋና በጥፍሩ መታው። ድምፁ ድፍን አለ። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ብሎ ለብቻው አስቀመጠውና ሁለተኛውን አነሣ። ያኛው ጥርት አድርጎ ጮኸ፤ ወደ በሩ ብርሃን አሳየኝና ደረቁን ቀዳልኝ።