ኃይል ከሞተር እስከ ጎማ፤ አሮጌ ላንድ ሮቨር ሲታደስ አክስሉን ስለ ማጠንከር



ያረጀውን ነገር አክብሮ ማደስ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን የአሮጌ መኪና እድሳት እንደ አሮጌ ወንበር እድሳት አይደለም። ወንበር በደንብ ባይታደስ የተቀመጠበትን ሰው መሬት ላይ ይጥለው ይሆናል፤ መኪና በደንብ ባይታደስ ግን ቤተ ሰብ ጭኖ ገደል አፋፍ ላይ ሊከዳ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ብዙ ሰዎች ስለሚቸኵሉበት ስለ ቀለሙና ስለ ወንበሩ ሳይሆን፣ ከመኪናው ሆድ በታች ተሸሽገው ኃይልን ከሞተር ወደ ጎማ ስለሚያደርሱት ክፍሎች ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን ላንድ ሮቨርን እንውሰድ። ይህ መኪና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ታየ። ሁለተኛው ዓይነት በ1958 ወጣ፤ እርሱም በ1961 ተሻሻለ፤ ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ ከ1971 እስከ 1985 ተሠራ። በአገራችንም አስፋልት ባልደረሰበት ገጠር ሰውንና እህልን እየጫነ ብዙ ዘመን ያገለገለ ስለ ሆነ ስሙን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ እነዚህ መኪናዎች አርጅተዋል፤ ነገር ግን የሚወዷቸው ሰዎች ፈታተው እንደገና ይገጥሟቸዋል። በዚህም ጊዜ «እግረ መንገዴን አክስሉን በጠንካራ ልለውጠው፤ ፍጥነቱንም ልጨምርለት» የሚል አሳብ ይመጣል። አሳቡ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ።

ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ የበሬዎቹ ጕልበት ከቀንበር ወደ ምራን፣ ከምራን ወደ ሞፈር፣ ከሞፈር ወደ ማረሻ ይሄዳል። ማረሻው ድንጋይ ቢነክስና በሬዎቹ ቢጐትቱ ከነዚህ አንዱ መሸነፉ አይቀርም። ምራኑ ቢበጠስ ገበሬው ሌላ ጠፍር አምጥቶ ወዲያውኑ ያስረዋል። በጠፍሩ ፈንታ የብረት ሰንሰለት ቢያስርበት ግን ምራኑ መበጠሱ ይቀርና ሞፈሩ ይሰበራል፤ ሞፈር ደግሞ ዛፍ ተመርጦ፣ ተቈርጦና ተጠርቦ የሚገኝ ነገር ነው። የመኪናም ነገር እንዲሁ ነው። አንዱን ክፍል ብቻ ያጠነከረ ሰው ስብራቱን ወደሚቀጥለው ክፍል አዛወረው እንጂ አላስቀረውም።

በላንድ ሮቨር ውስጥ ኃይል የሚሄድበት መንገድ እንደሚከተለው ነው። ከሞተሩ ተነሥቶ በፍሪሲዮን በኩል ወደ ካምቢዮ ይገባል። ከካምቢዮው ወደ ማከፋፈያው ሣጥን ያልፋል። ከዚያ በፊትና በኋላ በሚወጡት ረዣዥም ዘንጎችና ክሮቸራዎች አማካይነት ወደ ሁለቱ አክስሎች ይደርሳል። በእያንዳንዱ አክስል መካከል ያለው ዲፈረንሻል ኃይሉን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይከፍለዋል፤ ከዲፈረንሻሉ እስከ ጎማው የሚያደርሰውም በአክስሉ ቱቦ ውስጥ የሚገኘው ግማሽ ዘንግ ነው።

በዚህ መኪና ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸነፈው ብዙውን ጊዜ የኋላው ግማሽ ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ በዲፈረንሻሉ በኩል 10 ጥርሶች ብቻ ስላሉት፣ ከባድ ጭነት፣ የዓመታት ድካምና የሹፌር አለመጠንቀቅ ሲተባበሩበት ይሰበራል። ይልቁንም ጎማው በጭቃ ውስጥ በከንቱ ሲሽከረከር ቈይቶ ድንገት ደረቅ መሬት ሲይዝ የሚደርስበት ምት ከባድ ነው። ደግነቱ የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ግማሽ ዘንጉ ሳይሆን በአክስሉ ጫፍ ላይ ያሉት ኩሽኔታዎች ናቸው፤ ስለዚህ ዘንጉ ቢሰበር ጎማው አይወልቅም። ስድስት ቡሎኖች ፈትቶ በመንገድ ዳር ማውጣት ይቻላል፤ በዲፈረንሻሉ በኩል የቀረው ስባሪ ከወጣ በኋላም መኪናው በፊተኛው አክስል እየተጐተተ ቤቱ ሊደርስ ይችላል።

ነገር ግን የግማሽ ዘንግ ስብራት አንድ የተሸሸገ አደጋ አለው፤ ይህንንም አንባቢዎች በጥሞና እንድትመለከቱት እንለምናለን። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን እንደ ሌሎች ብዙ መኪናዎች ጎማዎቹን በቀጥታ አይዝም። የሚይዘው ከማከፋፈያው ሣጥን ወደ ኋላ የሚወጣውን ዘንግ ነው። ዘንጉ ሲያዝ ዲፈረንሻሉ፣ ዲፈረንሻሉ ሲያዝ ግማሽ ዘንጎቹ፣ እነርሱም ሲያዙ ጎማዎቹ ይያዛሉ። እንግዲህ ከሁለቱ ግማሽ ዘንጎች አንዱ ቢሰበር ዲፈረንሻሉ በተሰበረው በኩል በከንቱ ስለሚዞር፣ የእጅ ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ቢሳብም መኪናውን አያቆመውም፤ በማርሽ ማስያዝም አይረዳም። አቀበት ላይ ይህ ቢደርስ የሚያድነው የእግር ፍሬንና ከጎማው ሥር ፈጥኖ የሚገባ ድንጋይ ነው። ቢጫ ራስ ያለው ዘንግ ወደ ታች ተጭኖ አራቱም ጎማዎች እንዲሠሩ ቢደረግ ግን፣ የፊቱ አክስል ደኅና እስከ ሆነ ድረስ የእጅ ፍሬኑ በእርሱ በኩል ይይዛል። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ለሚያነሣም ሰው ነገሩ እንዲሁ ነው፤ አንዱ ጎማ በአየር ላይ ሳለ በእጅ ፍሬን ብቻ የሚተማመን ሰው በመኪናው ሥር ነፍሱን ያስይዛል። በዚህ ምክንያት በእድሳት ጊዜ ግማሽ ዘንጎቹን መመርመር የቅንጦት ሥራ አይደለም። ጥርሶቹ ወደ አንድ በኩል ተጠምዘው ከታዩ ዘንጉ ሊሰበር ተቃርቧልና ዳግመኛ መግጠም አይገባም።

እንግዲህ በምን እንለውጠው የሚል ጥያቄ ይነሣል። አንደኛው መንገድ በተመሳሳይ መጠን ከተሻለ ብረት የተሠራ ግማሽ ዘንግ መግጠም ነው። አሮጌው አክስል እንዳለ ይቀራል፤ ወጪውም መጠነኛ ነው። ሁለተኛው መንገድ ሳሊስበሪ የሚባለውን ከባድ አክስል ከኋላ መግጠም ነው። ይህ አክስል በሦስተኛው ዓይነት ባለ 109 ኢንች ረዥም መኪና ላይ ከፋብሪካው ተገጥሞ ይወጣ ነበር። ዲፈረንሻሉ ትልቅ፣ ዘንጎቹም ወፍራም ስለ ሆኑ ጭነት ለሚበዛበት ሰው የታመነ ነው። ይሁን እንጂ ክብደቱ ይበልጣል፤ ሆዱም ወደ መሬት ዝቅ ስለሚል ድንጋይ ይነካዋል፤ ወደ ፊት የሚወጣው አፍንጫው ረዥም ስለ ሆነም ባለ 88 ኢንች አጭር መኪና ላይ ሲገጠም የኃይል ማስተላለፊያው ዘንግ ማጠር አለበት።

ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። በአሮጌው ላንድ ሮቨር ከፊትም ሆነ ከኋላ የዲፈረንሻሉ ልክ 4.7 ነው፤ ይኸውም ማስተላለፊያው ዘንግ 47 ጊዜ ሲዞር ጎማው 10 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. በወጣው ባለ 110 ኢንች መኪና ላይ የተገጠመው ሳሊስበሪ አክስል ግን ልኩ 3.54 ነው። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። አሮጌው ላንድ ሮቨር ደግሞ በፊትና በኋላ አክስል መካከል ልዩነትን የሚያቻችል ሦስተኛ ዲፈረንሻል የለውም። ስለዚህ ከፊት 4.7፣ ከኋላ 3.54 ሆኖ አራቱ ጎማዎች አብረው እንዲሠሩ ቢደረግ፣ የኋላዎቹ 4 ጊዜ ለመዞር ሲፈልጉ የፊቶቹ የሚዞሩት 3 ጊዜ ያህል ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ መኪና ላይ ሊስማሙ አይችሉም፤ ወይ ጎማው ይፋጫል፣ ወይ መሪው ይደነድናል፣ ወይ ከማስተላለፊያው አንዱ ክፍል ይሰበራል። ቀዩ ዘንግ ወደ ከባዱ ማርሽ ሲገባ አራቱም ጎማዎች በራሳቸው ስለሚያያዙ ጥፋቱ የሚገለጠው መኪናው እጅግ በሚያስፈልግበት ክፉ መንገድ ላይ ነው።

ይህን ወጥመድ ማወቂያው ዘዴ ቀላል ነው። አክስሉ ከመገጠሙ በፊት አንዱ ጎማ የሚታሰርበት ጫፍ እንዳይዞር አጥብቆ መያዝ፣ ሌላውን ጫፍና የማስተላለፊያውን መግቢያ በጠመኔ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያም ያልተያዘውን ጫፍ ሁለት ጊዜ ሙሉ ማዞር ነው። መግቢያው አምስት ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቢቆም ልኩ 4.7 ነው፤ ከሦስት ተኩል ዙር ጥቂት ብቻ ቢያልፍ ግን 3.54 ነው። ይህን ለመቍጠር የሚጠፋው ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።

ፍጥነትን የሚፈልጉ ሰዎች የፊቱንም የኋላውንም በ3.54 ይለውጣሉ። በሬንጅ ሮቨር የነበረው ባለ 10 ጥርስ ዲፈረንሻል በአሮጌው አክስል ውስጥ ስለሚገባ ሥራው አስቸጋሪ አይደለም። ጥቅሙም እውነተኛ ነው፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ቀድሞ በደቂቃ ወደ 2,900 ጊዜ ይዞር የነበረው ሞተር ወደ 2,200 ይወርዳል። ጩኸቱ ይቀንሳል፤ ቤንዚኑም ይቈጠባል። ነገር ግን ዋጋው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በእያንዳንዱ ማርሽ ጎማው የሚያገኘው ጕልበት በሩብ ያህል ይቀንሳል። የአዲስ አበባ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ስለ ሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ እንደ 2,286 ሲሲው የላንድ ሮቨር ቤንዚን ሞተር ያለ አየርን በተፈጥሮ የሚስብ ሞተርም በዚያው መጠን ይደክማል። የሁለቱ ቅናሽ ሲደራረብ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጕልበት በባሕር ዳርቻ ከነበረው ከግማሽ ጥቂት ብቻ ይበልጣል።

ከአቀበቱ ይልቅ ደግሞ ቍልቍለቱ ያሳስባል። ሊማሊሞን ወይም የዓባይን በረሃ ሲወርዱ መኪናን የሚይዘው ፍሬን ብቻ አይደለም፤ በዝቅተኛ ማርሽ የገባ ሞተር ራሱ መኪናውን እየገታ ያወርደዋል። ዲፈረንሻሉ ወደ 3.54 ሲለወጥ ይህ መገታት አብሮ ይቀንሳል፤ ሸክሙም ወደ ፍሬኑ ይዛወራል። ባለ 88 ኢንቹ መኪና ያለው ፍሬን 10 ኢንች ከበሮ ነው። ሲግል የመያዝ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ ማስተላለፊያውን ለፍጥነት የለወጠ ሰው ባለ 109 ኢንቹ መኪና የሚጠቀምበትን ባለ 11 ኢንች ፍሬን ከፊት ሳይገጥም ሥራዬን ፈጸምሁ ሊል አይገባውም። የፍጥነት መለኪያውም ከማከፋፈያው ሣጥን ስለሚንቀሳቀስ መታረም አለበት፤ ሳይታረም ቢቀር 60 ሲያሳይ መኪናው የሚሮጠው 80 ያህል ነው።

ለደጋ አገር የሚስማማው ሌላ መንገድ ነው ብለን እናምናለን። ፌይሪ የሚባለው ተጨማሪ ማርሽ ከማከፋፈያው ሣጥን በስተኋላ ይገጠማል፤ ዲፈረንሻሎቹ ግን በ4.7 እንዳሉ ይቀራሉ። ሜዳ ላይ ሲገባ የሞተሩን ዙር በ22 ከመቶ ያህል ይቀንሳል፤ አቀበትና ቍልቍለት ሲመጣ ደግሞ ይወጣና መኪናው የቀድሞ ጕልበቱንና መገታቱን መልሶ ያገኛል። የሚይዘው ዘይት ጥቂት ስለ ሆነ ቶሎ ቶሎ መመልከት ያስፈልጋል፤ ድምፁም ከፍ ያለ ነው። ቢሆንም በፈለጉት ጊዜ ሊያስገቡትና ሊያስወጡት መቻሉ ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም ነው።

በመጨረሻም ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች አይናቁ። በአክስሉ ላይ ያለችው የአየር መተንፈሻ በጭቃ ብትደፈን አክስሉ ሲግል በውስጡ የታመቀው አየር ዘይቱን በፓራኦሊዮው በኩል ገፍቶ ያወጣዋል፤ ያም ዘይት የፍሬኑን ሸራ ያረክሰዋል። የጋለ አክስል ወንዝ ሲገባ ደግሞ ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ከዚያ በኋላ ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ቢታይ ሳይውል ሳያድር መለወጥ አለበት። ዲፈረንሻልን ከፍቶ የገጠመ ሰውም የሁለቱ መዘውሮች ጥርሶች በትክክል መነካካታቸውን ቀለም ቀብቶ ይመርምር፤ በዓይን ግምት የተገጠመ ዲፈረንሻል መጮህ ይጀምራል፣ ቈይቶም ይበላል።

እንግዲህ አሮጌ መኪናውን የሚያድስ ሰው አንድ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ይህ መኪና ምን ሊጭን፣ በየት ሊሄድ ነው ብሎ ራሱን ይጠይቅ። በከተማና በሜዳ ብቻ የሚነዳ ከሆነ ደኅና ግማሽ ዘንግ፣ አዲስ ኩሽኔታና ንጹሕ ዘይት ይበቁታል። ከባድ ጭነት የሚጭን ከሆነ ልኩ የተቈጠረ ሳሊስበሪ ያስፈልገዋል። ሩቅ አገር የሚጓዝ ከሆነ ተጨማሪውን ማርሽ ያስብ። ማናቸውንም ቢመርጥ ግን ከሞተሩ እስከ ጎማው ያለውን መንገድ ሁሉ በተራ ይመርምር፤ የመጨረሻውንም ፍተሻ በፍሬኑ ላይ ያድርግ። የተፈታውን አሮጌ ዕቃም ምልክት አድርጎ ያስቀምጥ፤ መኪናውን ከእርሱ በኋላ የሚረከበው ሰው ምን እንደ ተለወጠና ምን እንደ ነበረ ማወቅ ይገባዋልና።