ገበያተኛ በምን ስም ይፈልገናል?

ነጋዴ ሱቁን ከመክፈቱ አስቀድሞ ሕዝቡ በየት በኩል እንደሚያልፍ አይቶ በዚያው መንገድ ዳር ቦታ ይይዛል። መንገድ ከሌለበት ሸለቆ ውስጥ ሱቅ ቢከፍት ዕቃው ምንም ያህል መልካም ቢሆን የሚገዛው አያገኝም። በዘመናችን ደግሞ ገበያተኛ የሚመጣበት መንገድ የእግርና የመኪና መንገድ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ወይም ከአገር ውጭ የሚኖር ሰው ወደ መቅደላ ለመሄድ ባሰበ ጊዜ፣ መንገደኛ ከመጠየቁ በፊት የእጅ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቃል ይጽፍና ይጠይቃል። እንግዲህ ያ ሰው የጻፈው ቃል ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ባለ ንግድ መንገዱን ያወቀ ነው፤ የማያውቀው ግን በሸለቆ ውስጥ ሱቅ እንደ ከፈተ ሰው ይቈጠራል።

ይህን ቃል ለማወቅ ገንዘብ የማይከፈልበት መሣሪያ መኖሩን ብዙ ሰው ስላላወቀው፣ ስለ ጥቅሙና ስለ አሠራሩ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ አስበናል። መሣሪያው ጉግል ሰርች ኮንሶል ይባላል። ዌብማስተር ቱልስ በሚል ስም በ2006 እ.ኤ.አ. የቀረበ ሲሆን የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። የማይክሮሶፍት ኩባንያም ለቢንግ መፈለጊያ ይህንኑ የሚመስል መሣሪያ በነጻ ይሰጣል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ነገር ግን መልአክ ያወጣውን ስም ሰዎች በየራሳቸው አጻጻፍ ይጽፉታል። ለዚህም የመቅደላን ስም ያህል ምስክር የሚሆን የለም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በአምባው ላይ ባረፉ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ የነበረው ሮበርት ናፒየር ወደ አገሩ ሲመለስ «የማግዳላ ናፒየር» የሚል የመኳንንት ማዕርግ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ በውጭ አገር መጻሕፍት የአምባው ስም ማግዳላ እየተባለ ተጻፈ። ከእነዚህ በኋላ የተነሡ ጸሐፊዎች ማቅዳላ ብለው ጻፉት፤ የአገሩ ልጅ ግን መቅደላ ይለዋል። ከመቅደላ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት ወደ 350 የሚጠጉት ዛሬ በለንደን በሚገኘው በብሪቲሽ ላይብረሪ ይኖራሉ፤ የእነዚህን መጻሕፍት ነገር የሚመረምር የውጭ አገር ሰውም የሚጠይቀው በሁለቱ በባዕድ አጻጻፎች ነው። በአምባው ግርጌ እንግዳ የሚያሳድር ሰው ድረ ገጹን መቅደላ በሚል ቃል ብቻ ቢያስጽፍ፣ ያ እንግዳ ከደጁ ቆሞ ሳያየው ያልፋል።

በመካነ ሰላምና በአካባቢው ያሉት ስሞችም እንደዚሁ ናቸው። መካነ ሰላም በሁለት ቃል ይጻፋል፤ በአንድ ቃል ገጥመው የሚጽፉትም አሉ፤ በእሳቱ ሰ ፋንታ በንጉሡ ሠ የሚጽፉትም ጥቂቶች አይደሉም። ሳይንትም እንዲሁ በሁለቱም ሰ ይጻፋል። ቦረና የተባለ እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በኦሮሚያ ክልል በደቡብ በኩል የቦረና ዞን ስላለ፣ የወሎውን ቦረና የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ አገር ይቀርብለታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚገኙበትን የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክም የቀድሞ ሰዎች ደንቆሮ ጫካ በሚል ስሙ ያውቁታል። ሊቃውንቶቻችን በሀሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ እና በብዙኀኑ ኀ መካከል ያለውን ልዩነት ሲያስተምሩ የኖሩት በከንቱ አይደለም። ዛሬ ግን ፊደሉን የሚጽፈው የቅኔ ተማሪ ብቻ ሳይሆን ገበያተኛው ሁሉ ነውና፣ ትክክለኛውን አጻጻፍ ይዘን ሌሎቹንም ማወቅ ያስፈልገናል። መፈለጊያው አንዳንዱን አጻጻፍ ከሌላው ጋር ቢያዛምድም ሁሉን ያዛምዳል ብሎ መተማመን አይገባም።

የመሣሪያው አሠራር እንደሚከተለው ነው። መፈለጊያው አስቀድሞ በየድረ ገጹ እየዞረ ያነባል፤ ቀጥሎ የመጻሕፍት ቤት ጠባቂ መጻሕፍቱን በመዝገብ እንደሚያሰፍር ያነበበውን በማውጫ ያሰፍራል፤ በመጨረሻም ጠያቂ ሲመጣ ከማውጫው አውጥቶ በተራ ያቀርባል። ስለዚህ በማውጫው ያልሰፈረ ገጽ የለም ማለት ነው። ሰርች ኮንሶል ለባለቤቱ አስቀድሞ የሚነግረው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ከገጾቹ የትኛው እንደ ሰፈረ፣ የትኛው እንደ ቀረ፣ የቀረውም በምን ምክንያት እንደ ቀረ ነው። ባለቤቱም የገጾቹን ዝርዝር ለመፈለጊያው አቅርቦ፣ አዲስ ገጽ ባወጣ ጊዜ እንዲነበብለት ሊጠይቅ ይችላል።

ሁለተኛው ክፍል የፍለጋ ውጤት ይባላል፤ በዚህም አራት ቍጥሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ገጹ በጠያቂዎች ፊት ስንት ጊዜ እንደ ቀረበ ነው። ሁለተኛው ስንት ጊዜ እንደ ተከፈተ ነው። ሦስተኛው ከቀረበው ከመቶ ስንት እጅ እንደ ተከፈተ ነው። አራተኛው በአማካይ ስንተኛ ሆኖ እንደ ቀረበ ነው። ከእነዚህም በታች ሰዎች የጻፏቸው ቃላት፣ የጠየቁባቸው አገሮች፣ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር መጠየቃቸው ተዘርዝሮ ይታያል። የማንም ሰው ስም ግን አይገለጥም።

እነዚህን ቍጥሮች በማስተዋል ማንበብ ያሻል። ምሳሌ እናቅርብ፤ የአንድ እንግዳ ማረፊያ ገጽ መቅደላ በሚለው ቃል 1000 ጊዜ ቀርቦ 5 ጊዜ ብቻ ተከፈተ እንበል። ባለቤቱ ይህን አይቶ ገጼ መጥፎ ነው ብሎ ቢያዝን ተሳሳተ። መቅደላ ብሎ ከሚጠይቀው ሰው አንዱ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ይፈልጋል፤ ሌላው በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም የሚያስተምረውን የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲን ይፈልጋል፤ አልጋ የሚፈልገው ጥቂቱ ነው። በአንጻሩ ግን «መካነ ሰላም ማደሪያ» በሚለው ቃል 40 ጊዜ ቀርቦ አንድ ጊዜም ካልተከፈተ፣ እነዚያ 40ዎቹ በእውነት የእርሱ እንግዶች ነበሩና ነገሩን ሊመረምር ይገባዋል። ምናልባት የገጹ አርእስት «እንኳን ደኅና መጡ» ብቻ የሚል ይሆናል፤ ስፍራውን፣ ሥራውንና ስሙን የሚናገር አርእስት ቢያደርግለት ጠያቂው ያውቀዋል። ብዙ ቍጥር ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ ጥቂት ቍጥርም ሁሉ ኪሳራ አይደለም።

ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ይልቁንም ልናስተውለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። መሣሪያው የጠያቂዎችን ምስጢር ለመጠበቅ ሲል፣ በሁለት ወይም በሦስት ወር ውስጥ ከጥቂት ደርዘን በማይበልጡ ሰዎች ብቻ የተጠየቀውን ቃል ሰውሮ ያስቀራል። በእንግሊዝኛ ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ ቃሉ ይገለጣል፤ በአማርኛ ግን ጠያቂው ጥቂት፣ አጻጻፉም በሦስትና በአራት የተከፈለ ስለ ሆነ ብዙው ቃል ተሰውሮ ይቀራል። ስለዚህ በዝርዝሩ አማርኛ አልታየም ብሎ በአማርኛ የሚፈልገኝ የለም ማለት ስሕተት ነው። ከቃላቱ ዝርዝር ይልቅ ጠቅላላውን ድምርና በአማርኛ የተጻፈው ገጽ ስንት ጊዜ እንደ ተከፈተ መመልከት ይሻላል።

መሣሪያው የ16 ወር መዝገብ ይጠብቃል። ይህም አንድ ዓመት ከአራት ወር ስለ ሆነ የዘንድሮውን በዓል ከአምናው ጋር ለማስተያየት ይበቃል። መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም በዓል ብዙ ምእመናን ወደ ወሎ ይመጣሉ፤ በአማራ ሳይንት ያለችውን ተድባበ ማርያምንም ለመሳለም የሚሄዱ አሉ። ባለ ማረፊያው የመንገደኞቹ ጥያቄ ከበዓሉ ስንት ሳምንት አስቀድሞ እንደሚጀምር ከመዝገቡ ካየ፣ የአልጋውን ዋጋና የመኪናውን መነሻ በጊዜው ያስጽፋል። ነገር ግን የመሣሪያው አቈጣጠር በፈረንጅ ቀን መሆኑን አይርሳ፤ መስከረም 21 በፈረንጅ ኦክቶበር 1 ሲሆን፣ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን ኦክቶበር 2 ይውላል።

ቍጥር የሚወርደውም በገጹ ጥፋት ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ የአገሩ ሰው ሊጠይቅ አይችልም ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የተመዘገበውን ቍጥር ከደኅናው ጊዜ ጋር አመሳስሎ ገጹን ማፍረስ በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው።

ገጹ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ፈጥኖ መከፈት አለበት። ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የሚባለው ሌላው ነጻ መሣሪያ ገጹ በስልክ ሲከፈት የሚፈጀውን ጊዜ ይለካል። የገጹ ዋናው ክፍል በ2.5 ሴኮንድ ውስጥ ቢታይ መልካም ነው ይላል። በደጋው አገር የስልኩ መረብ ደካማ በሚሆንበት ስፍራ ትልልቅ ሥዕሎችን መደርደር እንግዳውን በደጅ ማቆም ነው። ከዚህም የከፋው ስሙን፣ ስልኩንና ዋጋውን ሁሉ በሥዕል ላይ ጽፎ ሥዕሉን ብቻ ማውጣት ነው፤ መፈለጊያው የሥዕሉን ጽሑፍ እንደ ፊደል አንብቦ ያሰፍረዋል ተብሎ አይታመንም። የግእዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ በተባለው በዓለም የፊደላት መዝገብ ገብቶ ሳለ፣ በፊደላችን ሳንጽፍ መቅረታችን ራሳችንን መጕዳት ነው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለ፣ ገጹን በጌጥ ከማስዋብ በፊት እነዚህን ነገሮች ማወቅ ይቀድማል። ካላወቁ ግን የሚያታልል አይጠፋም። ገንዘብ ክፈሉኝና በመፈለጊያው አንደኛ አደርጋችኋለሁ የሚል ሰው በየቦታው አለ። ጉግል ራሱ አንደኛ አደርጋለሁ ብሎ ዋስ ሊሆን የሚችል ማንም እንደሌለ አስታውቋል። ደግሞም የስፍራውን ስም በአንድ ገጽ መቶ ጊዜ መደጋገም፣ ወይም ነጭ ጽሑፍ በነጭ ላይ ሰውሮ መጻፍ በሕጉ የተከለከለ ማታለል ስለ ሆነ ከተራ ያስወርዳል። ልዩ ልዩዎቹን አጻጻፎች ማስገባት የሚገባው በእውነተኛ ዐረፍተ ነገር ነው። «በውጭ አገር መጻሕፍት ማግዳላ እየተባለ የሚጻፈው አምባ መቅደላ» ብሎ አንድ ጊዜ መጻፍ ይበቃል፤ ይህ አንባቢውን ያስተምራል እንጂ አያታልልም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የባለቤትነት ነገር ነው። ሰርች ኮንሶል መዝገቡን ለማንም አይገልጥም፤ ጠያቂው የድረ ገጹ ባለቤት መሆኑን ምልክት በማስቀመጥ እንዲያስመሰክር ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ግን ባለ ሱቁ ገጹን ያሠራው በከተማ ላለ ባለሙያ ሆኖ፣ የገጹ ስምም ቁልፉም በባለሙያው ስም ተመዝግቦ ይገኛል። ሁለቱ በተጣሉ ቀን ባለ ሱቁ ስሙንም መዝገቡንም ያጣል። ስለዚህ ባለንብረቱ በራሱ ስም ባለቤት ሆኖ መመዝገብ፣ ለባለሙያው ግን የተወሰነ ፈቃድ ብቻ መስጠት ይገባዋል፤ መሣሪያውም ይህን ይፈቅዳል።

እንግዲህ ከመንግሥት ሠራተኞችና ከካህናት ምን ይጠበቃል? የወረዳና የዞን የንግድና የቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች የየስፍራውን ስም በአማርኛም በላቲንም ፊደል አንድ የጸና አጻጻፍ ሰጥተው፣ ሌሎቹን አጻጻፎች በዝርዝር ቢያወጡ ሁሉም ባለ ንግድ ይጠቀምበታል። በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶችም ለማር ነጋዴው፣ ለባለ ማረፊያውና ለመንገድ መሪው መዝገቡን ማንበብ ቢያስተምሩ፣ ትምህርታቸው በአገራቸው ላይ ፍሬ ያፈራል። የገዳማትና የአድባራት አለቆች ደግሞ የበዓሉን ቀንና የመግቢያውን ሥርዐት ራሳቸው በትክክል ቢያስጽፉ፣ ምእመናን ከማያውቅ ሰው ተሳስተው አይቀሩም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ የአንዱ ገጽ የሌላውን እየጠቀሰ ቢያያዝ አገሩ በሙሉ ይታወቃል።

ከመቅደላ የወጡት መጻሕፍት በባዕድ አገር በባዕድ እጅ ተቈጥረውና ማውጫ ወጥቶላቸው ይገኛሉ። ዛሬ የምንጽፈውን ነገር በዓለም ማውጫ ውስጥ በትክክለኛ ስሙ ማስፈር ግን በእጃችን ነው። እኛ ስለ አገራችን ዝም ባልን ቍጥር ጠያቂው መልስ አያጣም፤ ስፍራውን ያላየ ሌላ ሰው ይመልስለታል። በመካነ ሰላም ያለች አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት በወር አንድ ቀን መዝገቡን ከፍታ እንግዶቿ የጻፉትን ቃል ብታነብና በዚያው ቃል እውነቱን ብትመልስላቸው፣ ለቤቷ እንግዳ፣ ለአገሯም ታማኝ ተናጋሪ ታገኛለች።