ተጣጣፊዋ ሬቲናና ሦስቱ ሌንሶችዋ

የሕዝብን ኑሮና ሥራ ለሚያጠና ተማሪ ከማስታወሻ ደብተሩ ቀጥሎ ዋና ምስክሩ ፎቶግራፍ ነው። ነገር ግን ምስክሩ እንዳያሳስት የመሣሪያውን ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ስለዚህ በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ ትሠራ የነበረችውን የኮዳክ ሬቲና ሦስት ሲ አሠራር በአጭሩ እገልጻለሁ።

የመጀመሪያዪቱ ሬቲና እ.ኤ.አ. በ1934 ወጣች፤ የሌንስዋ ፊት የሚለዋወጠው ሦስት ሲ ግን በ1954 ቀረበች። ክዳንዋ ሲከፈት ሌንስዋ እንደ ወናፍ በሚተጣጠፍ ክፍል ተይዞ ወደ ፊት ይወጣል፤ ሲዘጋ ኮት ኪስ ውስጥ ትገባለች።

ከሌንሱ የሚነቀለው የፊተኛው ክፍል ብቻ ነው፤ የኋለኛው ከብርሃን መዝጊያው በስተጀርባ እንዳለ ይቀራል። መደበኛው 50፣ ሰፊውን የሚያሳየው 35፣ ሩቁን የሚያቀርበው 80 ሚሊሜትር ነው። የሽናይደር ፋብሪካ የፊት ክፍል ለሮደንሽቶክ አይሆንም። በፊልሙ ላይ የሚያርፈው ሥዕል 36 ሚሊሜትር ወርድ ስላለው፣ በ10 ሜትር ርቀት በመደበኛው 7.2 ሜትር፣ በ35ቱ 10.3 ሜትር ያህል፣ በ80ው 4.5 ሜትር ስፋት ይታያል። እንግዲህ የቡራዩን ገበያ በቅርብ ለማንሳት 35ቱ፣ ከሰበታ ሆኖ የወጨጫን ተራራ ለማቅረብ 80ው ይመረጣል።

ለዚህ ጥቅም የሚከፈል ዋጋ አለ። መደበኛው ሌንስ እስከ 2 ሲከፈት፣ 80ው ከ4፣ 35ቱም ከ5.6 አያልፍም፤ ስለዚህ የሚያስገቡት ብርሃን አንድ አራተኛና አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። ካሜራዋም 50ው ካልተመለሰና ርቀቱ መጨረሻ ላይ ካልቆመ አትዘጋም።

ዋናው ጥንቃቄ ግን ርቀት መለኪያው ነው። ከ50ው ጋር ብቻ የተስማማ ስለ ሆነ፣ ሌላ ሌንስ ሲገባ የተገኘውን ቁጥር አንብቦ ወደዚያ ሌንስ መስፈሪያ ማዛወር ያስፈልጋል። እኔ በሱሉልታ ሜዳ ድርቆሽ የሚከምሩ ገበሬዎችን በ80ው ሳነሳ ይህን ዘነጋሁ፤ ሥዕሎቹ ሁሉ ደበዘዙ። ስመለስ ክምሩ ተጭኖ ሄዷል።

እነዚህ ሦስት ስፍራዎች ከአዲስ አበባ ጋር እየተጠጉ መልካቸው በየጊዜው ይለወጣል፤ ያመለጠ ሥዕል አይመለስም። ስለዚህ አጥኚ ሁሉ የቆመበትን ስፍራ፣ ሌንሱንና ቀኑን ይመዝግብ። ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ተማሪ በዚያው ስፍራ ቆሞ፣ በዚያው ሌንስ አንስቶ፣ የተለወጠውን ካልተለወጠው ሊለይ የሚችለው በዚህ ብቻ ነው።