እንደ ቀበቶ የሚታጠቁት መድኃኒት

የሥነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ሕክምና ሊጽፍ ብዕሩን ሲያነሣ «አንተን ምን አገባህ?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እጁ የሚንቀጠቀጥ፥ እርምጃው ያጠረ፥ ፊቱ ፈገግታ የራቀው ሽማግሌ ስናይ «እርጅና ነው» ብለን የምናልፍ ሁላችንም ስለሆንን፥ የተረዳሁትን ያህል ለአንባብያን ለማካፈል ደፍሬአለሁ። የገዛ አጎቴንም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ስንለው ኖረናል።

የአጎቴ በሽታ ፓርኪንሰን ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1817 ዓ.ም. ምልክቶቹን ለይቶ ከጻፈው የሎንዶን ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። በአንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል፥ እንቅስቃሴያችንን የሚያስተካክል ንጥረ ነገር አለ። እርሱን የሚሠሩት ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፥ ይገተራል፥ ይዘገያል። ዶፓሚን ራሱ በመድኃኒትነት ቢሰጥ ከደም ወደ አንጎል አይሻገርም፤ ሌቮዶፓ የሚባለው ግን ይሻገርና እዚያ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሽተኞችን ሲረዳ የኖረው ይኸው ሌቮዶፓ ነው። በሽታውን ግን አያድንም፤ ምልክቱን ያስታግሣል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ካለ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ ሰዓት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአንጎል ሕዋሳት የተቀበሉትን አከማችተው ጥቂት በጥቂት ስለሚያወጡት፥ በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ይበቃል። ይህም በላምባ የተሞላ ኩራዝ ሌሊቱን ሁሉ እንደሚያበራ ነው። ሕዋሳቱ እየቀነሱ ሲሄዱ ግን ላምባ የሚይዘው ዕቃ ይጠባል፤ ብርሃኑም የሚቆየው ላምባው እየተጨመረ ሳለ ብቻ ይሆናል። ሌቮዶፓ ደግሞ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በደም ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ላይ የበሽተኛው ጨጓራ ቶሎ አያሳልፍም፤ ሥጋን የመሰለ ምግብም ከመድኃኒቱ ጋር መንገድ ይሻማል። ስለዚህ ጠዋት ጫማውን ራሱ ያሰረው አጎቴ ቀትር ሳይደርስ ከወንበሩ መነሣት ያቅተዋል፤ መድኃኒቱ ሲበዛ ደግሞ ሰውነቱ ያለ ፈቃዱ ይወራጫል።

አዲሶቹ መሣሪያዎች የተሠሩት ለዚህ ነው። ከእነርሱ በፊት ሌቮዶፓን በፓምፕ ወደ አንጀት የማፍሰስ ዘዴ ነበር፤ አሁንም አለ። ነገር ግን ሆድን መብሳት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ዓ.ም. አሜሪካ የፈቀደችው ቫያሌቭ የተባለው ግን ያለ ቀዶ ሕክምና ይሠራል። በቀበቶ ወይም በትከሻ የሚያዝ ትንሽ ፓምፕ በቀጭን ቱቦ አማካይነት መድኃኒቱን ከቆዳ ሥር ቀንና ሌሊት ያፈሳል። ሌቮዶፓ በውኃ በደንብ ስለማይሟሟ ፎስፌት ተጨምሮበታል፤ ሰውነት ፎስፌቱን ይነቅልና ሌቮዶፓውን ያገኛል። በየካቲት 2025 ደግሞ ኦናፕጎ ተፈቀደ። ይህም የዶፓሚንን ሥራ ተክቶ የሚሠራውን አፖሞርፊንን በቀን ያፈሳል፤ በአውሮፓ ግን እንዲህ ያለው ፓምፕ ከዚያ ብዙ ዓመታት በፊት የታወቀ ነው።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው የ12 ሳምንት ጥናት፥ ቫያሌቭን የታጠቁት በሽተኞች ያለ አስቸጋሪ መወራጨት ደኅና ሆነው የሚውሉበት ጊዜ በቀን በ2.72 ሰዓት ሲጨምር፥ ክኒን የዋጡት በ0.97 ሰዓት ብቻ ጨመረላቸው። ለእኛ ሁለት ሰዓት የአንድ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ግን ራሱን ችሎ መልበስና መጉረስ ማለት ነው። ሆኖም ቱቦው የገባበት ቆዳ ሊቀላና ሊመረቅዝ ይችላል፤ የሌለ ነገር ማየትም ያጋጥማል። በዚያው ጥናት ከታጠቁት ከአምስቱ አንዱ ያህል በዚህ ምክንያት አቋርጠዋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ መሣሪያው ውድ ነው፤ መድኃኒቱን በየቀኑ መቀየርም ግድ ነው። በብዙ ድኻ አገሮች ደግሞ ክኒኑ ራሱ እንደ ልብ አይገኝም። ነገር ግን ፓምፑ ያስተማረን ቁም ነገር ያለ ገንዘብ ይሠራል፤ ይኸውም ለዚህ በሽታ የመድኃኒቱ ሰዓት ከመድኃኒቱ እኩል መሆኑ ነው። አጎቴ ክኒኑን ዘግይቶ በዋጠ ቀን «ዛሬ ሰነፈ» እንለው ነበር። የሰነፍነው እኛ ነን። እንግዲህ ሽማግሌውን «እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት ወደ ሐኪም እንውሰደው፤ ክኒን የታዘዘለትንም ሰዓቱን እንጠብቅለት።