በሌላ አገር የተፈጸመን የዘር ማጥፋት መንግሥታት በስሙ ሊጠሩት ይገባል?

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያገራችን ሰው። አርመኖች በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን በያሉበት አገር አደባባይ የሚወጡት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 በዚያ ዕለት የኦቶማን መንግሥት በቁስጥንጥንያ የነበሩ የአርመን ምሁራንንና የማኅበረሰብ መሪዎችን ለቅሞ አሰረ። ሕዝቡም ከቀየው እየተነቀለ ወደ ሶሪያ በረሃ ተነዳ። በግድያ፣ በረሃብና በበሽታ ያለቀው ሰው ቁጥር እስከ 1.5 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። ቱርክ ብዙ አርመኖች መሞታቸውን አትክድም፤ ነገር ግን የጦርነት ጊዜ እልቂት እንጂ ዘር ማጥፋት አልነበረም ትላለች።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በሌላ አገር ለተፈጸመ ግፍ የዋሽንግተን ወይም የበርሊን ምክር ቤት ምን አግብቶት ስም ይሰጣል?

ይህን የሚቃወሙ ወገኖች የሚያነሱት ቀላል ክርክር አይደለም። ታሪክን ለታሪክ ምሁራን፣ ወንጀልን ለፍርድ ቤት እንተው፤ ፖለቲከኛ የሚመዝነው ጥቅሙን ነው ይላሉ። አሜሪካን እንመልከት። ባራክ ኦባማ በምርጫ ዘመቻቸው ለአርመኖች ቃል ገብተው ነበር፤ በሥልጣን በቆዩባቸው 8 ዓመታት ግን የኔቶ አባል የሆነችውን ቱርክን ላለማስቀየም ቃሉን ሳይጠቀሙ ወጡ። ሁለቱ ምክር ቤቶች የውሳኔ ሐሳቡን ያሳለፉት እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ቱርክ ወደ ሰሜን ሶሪያ ጦር አዝምታ የሁለቱ አገሮች ግንኙነት በሻከረበት ወቅት መሆኑ ነው። ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ደግሞ በ2021 ቃሉን በይፋ ተጠቀሙ። በእነዚህ ዓመታት ማስረጃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ፖለቲካው ነው።

ዕውቅና የፍርድ ቤት ውሳኔ አለመሆኑንም ልብ ይሏል። ማንንም አያስርም፤ የተወሰደ ርስትም አያስመልስም። ታዲያ ፋይዳው ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ራስን ያስመረምራል። የጀርመን ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ለአርመኖች ዕውቅና ሲሰጥ፣ የኦቶማኖች የጦር አጋር የነበረችው ጀርመን ራሷም ድርሻ እንደነበራት አምኗል። ቱርክ አምባሳደሯን ብትጠራም ውሳኔው አልተሻረም። ጀርመን በ2021 ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1908 በናሚቢያ በሄሬሮና በናማ ሕዝቦች ላይ የፈጸመችውን በስሙ ጠራችው። 1.1 ቢሊዮን ዩሮ በ30 ዓመት እሰጣለሁ ብትልም፣ ካሳ ብላ ለመጥራት ግን አልፈቀደችም።

ሁለተኛ፣ ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሩዋንዳ ስትታረድ የአሜሪካ ባለሥልጣናት «ዘር ማጥፋት» የሚለውን ቃል ሲሸሹ ከረሙ፤ ቃሉ ከወጣ «ምን ታደርጋላችሁ?» የሚል ጥያቄ እንደሚከተል ያውቁ ነበርና።

እኛም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለንበት። ከእልቂቱ የተረፉ 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችን እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ናቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የዘር ማጥፋትን የሚከለክለውን የ1948ቱን ዓለም አቀፍ ስምምነት በማጽደቅም ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር ኢትዮጵያ ነበረች፤ ቀኑም እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1949 ነው።

ስለዚህ መልሳችን «አዎ፣ ይገባል» ነው፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። ማስረጃው ከፖለቲካው ይቅደም። ዕውቅናው ለወዳጅም ለጠላትም በአንድ ሚዛን ይሰጥ። የሚክደውን በማስረጃ መርታት እንጂ ማሰር አይበጅም፤ የፈረንሳይ የሕገ መንግሥት ምክር ቤትም ክህደትን የሚያስቀጣውን ሕግ በ2012 የሻረው ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይጋፋል ብሎ ነው።

በውጭ የምንኖር ወገኖች በየምክር ቤቱ ደጃፍ መፈክር ይዘን ስንቆም ይህን እናስታውስ። አርመኖች የመጀመሪያውን መንግሥታዊ ዕውቅና ከኡራጓይ ያገኙት በ1965 ነው፤ 50 ዓመት ጠብቀው። ያን ሁሉ ጊዜ የሟቾችን ስም፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የዓይን ምስክሩን ቃል አላጠፉም። ዛሬ በኛ አገር በደል የደረሰበት ሁሉ፣ የየትኛውም ብሔር ይሁን፣ ከመፈክሩ በፊት መዝገቡን ይያዝ። የመንግሥታት ፍላጎት ከዘመን ዘመን ይለዋወጣል፤ በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብ ግን ቀኑ ሲደርስ ይናገራል።