ዩታን ምን አገባት?

ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ዜናው ሲወጣ ብዙ ሰው የጋዜጠኛው የሻምስ ቻራኒያ ገጽ ተጠልፏል ብሎ ነበር። ሉካ ዶንቺች ከዳላስ ማቨሪክስ ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ፣ አንቶኒ ዴቪስ ከሌከርስ ወደ ዳላስ! ከስምንት ወር በፊት ቡድኑን ለአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) ፍጻሜ ያደረሰ የ25 ዓመት ልጅ በ31 ዓመት ሰው ተለወጠ። ዳላስና ጋርላንድ ለሚኖረው ሐበሻ ነገሩ የሰፈር ጉዳይ ነው። የዳላስ ደጋፊዎች ያኔውኑ የሬሳ ሣጥን ይዘው አዳራሹ ደጃፍ ላይ ተሰለፉ።

ማን አተረፈ፣ ማን ተበላ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ከሁለቱ ኮከቦች ሥር በትንንሹ የተጻፉትን ስሞች ግን ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው። ከሉካ ጋር ማክሲ ክሌበርና ማርኪፍ ሞሪስ ወደ ሌከርስ ሄደዋል። ዳላስ ከዴቪስ ሌላ ማክስ ክሪስቲንና የ2029 የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫ፣ ማለትም ከአዲስ ገቢ ወጣቶች በተራ የመምረጥ መብት፣ አግኝታለች (ከዚህ ወዲህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጄለን ሁድ-ሺፊኖ የሚባል ብዙም ሜዳ ያላየ ወጣት ደግሞ ከሌከርስ ተነሥቶ ዩታ ጃዝ ገባ። ዩታ እሱን ስለተቀበለች ብቻ ሁለት የሁለተኛ ዙር ምርጫዎች ተመረቁላት። ሁለት ክለቦች ኮከብ ሲለዋወጡ ሦስተኛዋን ምን አገባት? ይህን ጥያቄ መመለስ የቻለ ሰው የኤንቢኤ የደመወዝ ሕግ ግማሹ ገብቶታል።

የእኛ ሰው ዝውውርን የሚያውቀው ከፕሪሚየር ሊግ ነው። አርሰናል አንድ ተጫዋች ከፈለገ ለክለቡ ገንዘብ ይከፍላል፤ ከተጫዋቹ ጋር ደግሞ ስለ ደመወዙ እንደ አዲስ ይደራደራል። ኤንቢኤ ውስጥ የዝውውር ሒሳብ የሚባል ነገር የለም። የተጫዋች ልውውጥ (ትሬድ) ላይ ጥሬ ገንዘብ ቢጨመር እንኳ በዓመት ከጥቂት ሚሊዮን ዶላር አያልፍም፤ ደመወዛቸው ከልክ ላለፈ ክለቦች ደግሞ እሱም ክልክል ነው። ተጫዋቹ ሲሄድ የፈረመው ውል ከነቀሪ ዓመቱ፣ ከነደመወዙ አብሮት ይሄዳል። ዴቪስ ዳላስ ሲደርስ አዲስ ውል አልፈረመም፤ የሌከርስ ውሉ እንዳለ የዳላስ ዕዳ ሆነ። ፈቃዱን የሚጠየቅ ተጫዋችም ከስንት አንድ ነው፤ ሉካም አልተጠየቀም። ስለዚህ ለዓይን ሰው የተለዋወጡ ይመስላል እንጂ የተለዋወጡት ውል ነው።

ውሎቹ የሚለኩት በደመወዝ ጣሪያው ነው። ሊጉ ከቴሌቪዥን፣ ከትኬት፣ ከማስታወቂያና ከመሳሰለው የሚያስገባው ገንዘብ ተደምሮ ግማሽ ያህሉ የተጫዋቾች እንዲሆን ከማኅበራቸው ጋር ስምምነት አለ። ጣሪያው ከሞላ ጎደል ከዚያ ድርሻ ላይ፣ ለ30ዎቹ ክለቦች ተካፍሎ የሚገኝ ቁጥር ነው። ሲጀመር፣ በ1984-85፣ 3.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2024-25፣ ማለትም ሉካ በሄደበት የውድድር ዘመን፣ 140.6 ሚሊዮን ደረሰ። በ2016 አዲሱ የቴሌቪዥን ውል ሲገባ በአንድ ክረምት ከ70 ወደ 94 ሚሊዮን ዘለለ። ገና 73 ጨዋታ አሸንፎ ዘመኑን የጨረሰው ጎልደን ስቴት በተከፈተው ቀዳዳ ኬቨን ዱራንትን አስፈረመ። ሌላው ዓለም ደነገጠ። አሁን በ2023ቱ ስምምነት መሠረት ጣሪያው በዓመት ከ10 በመቶ በላይ ማደግ አይችልም።

ጣሪያ ይባል እንጂ አብዛኛው ክለብ የሚኖረው ከጣሪያው በላይ ነው። ለዚህ ምክንያት የሆነው በላሪ በርድ ስም የሚጠራው ሕግ ነው፤ አንድ ክለብ የራሱን ነባር ተጫዋች ለማቆየት ከጣሪያው አልፎ እንዲከፍል ይፈቅድለታል። የሰው ተጫዋች በትልቅ ደመወዝ ለማስፈረም ግን ከጣሪያው በታች ቦታ ያስፈልጋል። ያ ቦታ የሌለው ክለብ ከውጭ ኮከብ ማምጣት ቢፈልግ የቀረው መንገድ ትሬድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ነገሩ እንደ ሞላ ታክሲ ነው፤ ሰው ካልወረደ ሰው አይገባም። የሚገባውም የሚወርደውን ያህል ቦታ የሚይዝ መሆን አለበት። ደጋፊዎች «ደመወዙ ይገጥማል ወይ?» እያሉ ሲከራከሩ የምንሰማው ስለዚህ ነው።

ከጣሪያው በላይም ፎቆች አሉ። በዚያው ዘመን የቅንጦት ግብር የሚጀምረው ከ170.8 ሚሊዮን ነበር። ከዚያ ላለፈ እያንዳንዱ ዶላር ያኔ ቢያንስ አንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ቅጣት ይከፈል ነበር፤ መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከቅጣቱም ግብር ያልደረሰባቸው ክለቦች ይካፈላሉ። ባለቤቱ ሀብታም ከሆነ ይህን ይችለዋል። ሀብታምንም የሚያስጨንቁት ከዚያ በላይ ያሉት አፕሮን የሚባሉ ሁለት መስመሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው 178.1፣ ሁለተኛው 188.9 ሚሊዮን። እነዚህ የሚነኩት ኪስን ሳይሆን እጅን ነው። ከመጀመሪያው በታች ያለ ክለብ በትልልቅ ውሎች ላይ ከሰጠው 125 በመቶ ያህል መቀበል ይችላል። ከዚያ በላይ ያለው ከሰጠው አንዲት ዶላር አብልጦ መቀበል አይችልም። ከሁለተኛው በላይ ያለው ደግሞ የሁለት ተጫዋቾችን ደመወዝ ደምሮ አንድ ትልቅ ውል ማምጣት ተከልክሏል፤ ጥሬ ገንዘብ መጨመር ተከልክሏል፤ ሰባት ዓመት ወደፊት ያለው የመጀመሪያ ዙር ምርጫውም ይታገድበታል። በ2024 ዋንጫ ያነሣችው ቦስተን በዓመቱ ክረምት ጁሩ ሆሊዴይንና ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስን የሸኘችው ኳስ ጠፍቶባቸው አይደለም። ይህን መስመር ሸሽታ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንዳንድ ዓይነት ስምምነት የፈጸመ ክለብ ለዚያ ዘመን አንዱ መስመር ግድግዳ ይሆንበታል፤ ቅጣት እከፍላለሁ ብሎም አያልፈውም። ዳላስ በ2024 ክረምት ክሌይ ቶምፕሰንን ያመጣችው በእንደዚህ ዓይነት መንገድ ነው፤ የመጀመሪያው አፕሮን በዚያው ግድግዳ ሆነባት።

አሁን እርሳስ ይዘን እንቀመጥ። የሉካ ደመወዝ 43.0 ሚሊዮን፣ የዴቪስ 43.2 ሚሊዮን። ሌከርስ ከመጀመሪያው አፕሮን በላይ ስለነበር ከሰጠው በላይ መቀበል አይችልም፤ 43.0 ከ43.2 ያንሳል፤ አለፈ። ኮከብ በኮከብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ዳላስ ግን 11 ሚሊዮን የሚከፈለውን ጀርመናዊውን ክሌበርን አብራ መሸኘት ፈለገች፤ ክሪስቲን ደግሞ ፈለገችው። የክሪስቲ ደመወዝ 7.1 ሚሊዮን ነው። ሌከርስ ክሌበርን ለመቀበል 3.9 ሚሊዮን ገደማ ጎደለው። ልክ 3.9 ሚሊዮን የሚከፈለው ማን አለ? ሁድ-ሺፊኖ። ሁለቱ ሲደመሩ 11 ሚሊዮን ሞልቶ ወደ 20 ሺህ ዶላር ገደማ ተረፈ። ኳስ መቻል አለመቻሉን እዚህ ላይ የጠየቀ የለም፤ የተፈለገው ደመወዙ ነው።

ዳላስ ግን ግድግዳው ሥር ሆና ዶላር የምትቆጥር ክለብ ስለሆነች ተጨማሪ ውል አላስፈለጋትም። ስለዚህ ልጁን የሚረከብ፣ በምላሹ ማንንም ሳይሰጥ መቀበል የሚያስችል ክፍተት ያለው ሦስተኛ ወገን ተፈለገ። ዩታ ክፍተቱ ነበራት፤ ሁለቱ ምርጫዎች የድካሟ ዋጋ ናቸው። ብዙም ሳትቆይ ልጁን ለቀቀችው። ሞሪስስ? የሊጉን ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈለው ተጫዋች ያለ ማመጣጠኛ እንዲያልፍ ሕጉ ስለሚፈቅድ እሱ ሒሳብ ውስጥ አልገባም። ዴቪስም ክለብ ሲቀየር የሚከፈለውን ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ ጉርሻ በፈቃዱ ተወው፤ ስሌቱን የሚያፋልስ አንድ ነገር ቀነሰ።

እንግዲህ በወረቀት ሥራው የዳላስን ጽሕፈት ቤት የሚወቅስበት ሰው የለም፤ ሒሳቡ እስከ ሺዋ ዶላር የተሰፋ ነው። ወደ 56 ሚሊዮን ሰጥታ ከ50 ሚሊዮን ጥቂት ከፍ ያለ ስለተቀበለች ጥቂት ሚሊዮን መፈናፈኛ ተረፋት። ያችንም በቀናት ውስጥ ክዌንቲን ግራይምስን ለፊላደልፊያ ሰጥታ ደመወዙ ከፍ ያለውን ኬለብ ማርቲንን በማምጣት ጨረሰቻት። ከግድግዳው በታች የቀራት 51 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። በዚያ ገንዘብ ተራ ሰው ደህና መኪና ይገዛ ይሆናል እንጂ የኤንቢኤ ክለብ ተጫዋች አያስፈርምም።

ዋጋውን የከፈለችው ወዲያው ነው። ዴቪስ በመጀመሪያ ጨዋታው ተጎድቶ ከስድስት ሳምንት በላይ ተቀመጠ። ማርች 3 ካይሪ ኧርቪንግ የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ። ሌሎችም ተከታትለው ወደቁ። ሕጉ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ቢያንስ ስምንት ተጫዋች ይጠይቃል፤ ዳላስ ስምንት መሙላት የሚያቅታት ምሽት ሊመጣ ነው ተብሎ ተሰጋ። ነጻ የሆነ ተጫዋች ሞልቷል፤ የዝቅተኛው ደመወዝ ግን ከ51 ሺህ ይበልጣል። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያድናት፤ ያ ደመወዝ የሚሰላው በቀሪዎቹ ቀናት ልክ በመሆኑ ዘመኑ እያለቀ በሄደ ቁጥር ይቀንሳል። ከ51 ሺህ በታች እስኪወርድ መጠበቅ ነበረባት፤ የወረደው በኤፕሪል፣ መደበኛው ዘመን ሊጠናቀቅ ቀናት ሲቀሩት ነው። በልዩ ውል በዋናው ቡድንና በታችኛው ሊግ መካከል የሚመላለሱት ወጣቶችም ቢሆኑ ከ50 ጨዋታ በላይ እንዳይሰለፉ ገደብ አለባቸው፤ አሠልጣኙ እነሱንም መቆጠብ ነበረበት። «ክለቡ ሀብታም አይደል፣ ለምን አይገዛም?» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

የደጋፊዎቹ ትልቁ ክርክር ግን ያለው የዚያ ዓመት ሒሳብ ላይ ሳይሆን የሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ላይ ነው። ሊጉ ውስጥ ሰባት ዓመት የቆየ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ከጣሪያው እስከ 30 በመቶ ድረስ ነው የሚከፈለው። የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ መካተትን የመሰለ ክብር ያገኘ፣ በዚያም ላይ ካሳደገው ክለብ ጋር የቆየ ከሆነ ግን 35 በመቶ ይፈቀድለታል። ሉካ በ2025 ክረምት ከዳላስ ጋር በዚህ ስሌት አምስት ዓመት፣ ወደ 345 ሚሊዮን ዶላር መፈረም ይችል ነበር። ዳላስ ውሳኔ ላይ የደረሰችው ይህ ሒሳብ ከመምጣቱ ከወራት በፊት ነው። ሉካ ክለብ ሲቀይር ያ መብት አብሮት አልሄደም። በኦገስት 2025 ከሌከርስ ጋር የፈረመው ለሦስት ዓመት 165 ሚሊዮን ነው።

አንዱ ወገን «ከፈረንጆቹ ገና ጀምሮ ባቱን ታሞ ለተቀመጠ፣ መከላከልም ለማይወድ ልጅ 345 ሚሊዮን?» ይላል። ሌላው ወገን አዳራሽ የሚሞላውን፣ ማልያ የሚያሸጠውን ሰው ማንም 35 በመቶ ሰጥቶ ያስቀረዋል ይላል። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ማልያው አይደለም። ደመወዝ በጣሪያ ሲገደብ በጣም የሚያዋጣው ውል የኮከቦች ኮከብ ውል ነው። ገበያው ነጻ ቢሆን ሉካ ከ35 በመቶ በላይ ባገኘ ነበር፤ ትርፉን የሚበላው ክለቡ ነው። በሚሊዮን የሚባክነው መካከለኛ ተጫዋች ላይ ነው። ከዚያም አልፎ የዳላስ ጀነራል ማናጀር የነበረው ኒኮ ሃሪሰን ነገሩን በምስጢር ከአንድ ክለብ ጋር ብቻ ተነጋግሮ ጨረሰው፤ ገበያ ያልወጣ ዕቃ ዋጋው አይታወቅም። ከሁለቱ ተጫዋቾች ሌላ አንድ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ብቻ ይዞ ተመለሰ። በኖቬምበር 2025 ከሥራው ተሰናበተ።

ዳላስን ከሒሳቡ ያወጣት ዕድል ነው። በሜይ 2025 በወጣው የድራፍት ዕጣ 1.8 በመቶ ብቻ ዕድል ይዛ አንደኛ ወጣችና ኩፐር ፍላግን መረጠች። ለአዲስ ገቢ ደመወዙ በሰንጠረዥ የተወሰነ ስለሆነ በመጀመሪያው ዓመት የሚከፈለው 14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ የዴቪስ ሲሦ እንኳ አይሞላም። አፕሮን ለሚያስጨንቀው ክለብ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም።

ሉካም ቢሆን ገና ሒሳቡን አልዘጋም። የሦስት ዓመቱ ውል የመጨረሻ ዓመት በራሱ ምርጫ የሚቀር ነው፤ በ2028 ክረምት ሊወጣ ይችላል። ያኔ ሊጉ ውስጥ አሥር ዓመት ይሞላዋል፤ አሥር ዓመት የሞላው ተጫዋች ደግሞ ያለ ክብርም ያለ ነባር ክለብም 35 በመቶ መጠየቅ ይችላል። ዕድሜው 29 ይሆናል፤ ጣሪያውም ከዛሬው ከፍ ይላል። 345 ሚሊዮኑን ትልቅ ነው ያለው ሰው ያን ጊዜ ሌከርስ ፊት የሚቀርበውን ቁጥር ይጠብቅ።