ያለፈው ገበያ ምን ያህል ይመሰክራል?

የ2024 የመጀመሪያ ሳምንት ለአሜሪካው የመድኃኒት መደብሮች ኩባንያ ለዋልግሪንስ ባለአክሲዮኖች ክፉ ዜና ይዞ መጣ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ኩባንያው በየሩብ ዓመቱ ለአንድ አክሲዮን ይከፍለው የነበረውን 48 የአሜሪካ ሳንቲም የትርፍ ድርሻ ወደ 25 አወረደው። ዜናው ከመሰማቱ ጥቂት ቀናት በፊት ግን ዋልግሪንስ በዳው ጆንስ ኢንዱስትሪያል አማካይ (በአጭሩ ዳው) በተባለው የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ ውስጥ ከሚገኙት 30 ኩባንያዎች ሁሉ ቀዳሚው ከፋይ ነበር፤ ዓመታዊ የትርፍ ድርሻው ከአክሲዮኑ ዋጋ ከ7 በመቶ በላይ ይሆን ነበር። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ከዳው ወጥቶ ቦታውን አማዞን ወሰደ። ዓመቱ ሲያልቅ የአክሲዮኑ ዋጋ ከግማሽ በላይ ወርዶ ነበር። ከከፍተኛ ከፋዮቹ ተርታ የነበረው አይቢኤም ደግሞ በዚያው ዓመት ከ30 በመቶ በላይ ጨመረ።

እንግዲህ «ከፍተኛ የትርፍ ድርሻ የሚከፍሉትን ግዛ» የሚለው መመሪያ ያዋጣል ወይስ ያከስራል? የአንድ ዓመት ውጤት ለዚህ መልስ አይሆንም። ባለሙያዎች ብዙ ዓመታት ወደኋላ ሄደው ይመረምራሉ። መመሪያውን ለኮምፒውተር ይሰጡትና ከ20 ወይም ከ50 ዓመት በፊት ጀምሮ ሳያዛንፍ ቢተገበር ኖሮ ምን ያስገኝ እንደነበር ያሰላሉ። ይህ ባክቴስት ይባላል። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ውጤቱን ማመን ነው።

በዚህ መንገድ ከተፈተኑት መመሪያዎች ዝነኛው «የዳው ውሾች» ነው። ማይክል ኦሂጊንስ በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ያስተዋወቀው ሲሆን አሠራሩ ቀላል ነው። በዓመቱ መጨረሻ 30ዎቹ ኩባንያዎች የትርፍ ድርሻቸው ለዋጋቸው ሲካፈል ባለው መቶኛ በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ገንዘቡ ለመጀመሪያዎቹ 10 እኩል ይከፋፈላል። ከዓመት በኋላ ሰልፉ እንደገና ይወጣል፤ ከአሥሩ የወጡት ይሸጣሉ፣ አዲስ የገቡት ይገዛሉ፣ የቀሩትም ድርሻቸው እኩል እንዲሆን ይመጣጠናል።

መመሪያው የሚታመንበት ምክንያት ያለው በመቶኛው ውስጥ ነው። 100 ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን በዓመት 4 ዶላር ቢከፍል 4 በመቶ ነው። ኩባንያው ክፍያውን ሳይጨምር የአክሲዮኑ ዋጋ ወደ 50 ዶላር ቢወርድ መቶኛው 8 ይሆናል። ስለዚህ ከሰልፉ ፊት የሚገኙት በአብዛኛው ገበያው ፊቱን ያዞረባቸው ናቸው። በየዓመቱ ማመጣጠን ማለትም የተወደደውን ሸጦ የረከሰውን መግዛት ነው። ገበያው በፍርሃት ዋጋውን ከሚገባው በላይ ጥሎት ከሆነ ገዢው ይጠቀማል። ፍርሃቱ እውነት ከሆነ ግን ዋጋው ይበልጥ ይወርዳል፣ ክፍያውም ይቀራል።

በ1997 ማክዊን፣ ሺልድስ እና ቶርሊ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች መመሪያውን ከ1946 እስከ 1995 ባሉት 50 ዓመታት ፈተኑት። አሥሩ አክሲዮኖች ከ30ዎቹ በአማካይ በዓመት ወደ 3 መቶኛ ነጥብ በልጠው ተገኙ። ይህ ትንሽ አይደለም። ለምሳሌ 10,000 ዶላር በየዓመቱ 10 በመቶ ቢያድግ በ20 ዓመት ወደ 67,000 ይደርሳል፤ 13 በመቶ ቢያድግ ግን 115,000 ያልፋል። ሆኖም ተመራማሪዎቹ ሒሳቡን በዚህ አልዘጉትም። አሥር አክሲዮን ከሠላሳ ይልቅ ይዋዥቃል፤ በየዓመቱ መሸጥና መግዛት ወጪ አለው፤ ትርፉም ቶሎ ቶሎ ግብር ይጠየቅበታል። እነዚህ ሁሉ ሲታሰቡ ብልጫው በስታቲስቲክስ ቢታይም በባለሀብቱ ኪስ ውስጥ የሚገባው ግን እምብዛም ነው ብለው ደመደሙ።

እነዚህ ወጪዎች ቢያንስ በግልጽ ይታያሉ። አደገኞቹ ስህተቶች ግን በመረጃው ውስጥ የተደበቁት ናቸው። አንደኛው የዛሬን የኩባንያዎች ዝርዝር ይዞ ወደ ትናንት መሄድ ነው። ዛሬ በዳው ውስጥ አፕልና ኤንቪዲያ አሉ፤ ከ30 ዓመት በፊት አልነበሩም። ያኔ የነበሩት ኮዳክና ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ ዛሬ የሉም። ጄኔራል ሞተርስ በ2008 የትርፍ ድርሻ መክፈል አቆመ፣ በ2009 ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመለከተ፣ ከዳውም ወጣ። አብሮት የወጣው ሲቲግሩፕ በ2007 መጨረሻ ከ7 በመቶ በላይ ከፋይ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ግን የዋጋውን ከሦስት ሩብ በላይ አጣ። ወድቀው የቀሩት ከመዝገቡ ሲሰረዙ ያለፈው ዘመን ከእውነቱ ይበልጥ ያማረ ይመስላል። ስለዚህ ፈታኙ የየዓመቱን ዝርዝር እንደነበረ መጠቀም አለበት።

ሁለተኛው ገና ያልታወቀን ነገር አውቆ መግዛት ነው። የመጨረሻው ቀን የመዝጊያ ዋጋ የሚታወቀው ገበያው ሲዘጋ ነው፤ በዚያው ዋጋ ሰልፉን አውጥቶ በዚያው ዋጋ ገዛሁ የሚል ፕሮግራም በተግባር የማይቻል ነገር እየቆጠረ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሚዛን ማዛባት ነው፦ በአንዱ ወገን የትርፍ ድርሻን ደምሮ በሌላው ወገን የዋጋ ለውጥን ብቻ መቁጠር።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ፈታኙ ራሱ ያለው የመምረጥ ነፃነት ነው። በ1990ዎቹ ሞትሊ ፉል የተባለው የኢንቨስትመንት ምክር ድርጅት የዳው ውሾችን አሻሽሎ «የሞኞቹ አራት» የሚል መመሪያ አወጣ። ከከፍተኛ ከፋዮቹ መካከል በአክሲዮን ዋጋ ዝቅተኞቹን አምስት ለይ፤ ከሁሉ ዝቅተኛውን ጣል፤ 40 በመቶ ገንዘብህን በሁለተኛው ላይ፣ ቀሪውን በሦስቱ ላይ 20 በመቶ አድርገህ አውል ይላል። ለምን 40? ለምን የመጀመሪያው ይጣላል? ከኢኮኖሚ የሚመነጭ ምክንያት የለም፤ በተፈተኑት ዓመታት ጥሩ ቁጥር ያወጣው ይህ ስለሆነ ብቻ ነው። ለአንድ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ለሌላው ይጠባል ወይም ይሰፋል። ማክዊንና ቶርሊ በ1999 መመሪያውን ከተበጀበት መረጃ ውጭ፣ ከ1973 በፊት ባሉት ዓመታት ሲሞክሩት፣ እንዲሁም ማመጣጠኑን ከጃንዋሪ ወደ ጁላይ ሲያዛውሩት፣ ብልጫው አብዛኛውን ጉልበቱን አጣ። ድርጅቱም በ2000 መጨረሻ መመሪያውን በይፋ ተወው።

ይህ የሚሆነው በቀላል ስሌት ነው። አንድ የማይረባ መመሪያ በአጋጣሚ ጥሩ መስሎ የመታየት ዕድሉ 5 በመቶ ነው እንበል። እርስ በርስ የማይገናኙ 20 የማይረቡ መመሪያዎች ከተሞከሩ ቢያንስ አንዱ ጥሩ መስሎ የሚታይበት ዕድል ወደ 64 በመቶ ያሻቅባል። ዴቪድ ላይንዌበር የተባለ ተመራማሪ ይህን ለማሳየት መረጃ ሲያስስ የባንግላዴሽን የቅቤ ምርት አገኘ። ከአሜሪካ የአይብ ምርትና ከበጎች ቁጥር ጋር ሲያጣምረው የአሜሪካን የአክሲዮን ገበያ የአሥር ዓመት ውጣ ውረድ 99 በመቶ «አብራራለት»። ዓላማው ማሾፍ ነበር፤ ሆኖም ቁጥሮቹን ከምር ወስደው የጠየቁት ሰዎች አልጠፉም።

ታማኝ ፈተና መመሪያውን ለማሸነፍ ይሞክራል። የሚጀመርበትን ወር 12 ጊዜ ይቀያይራል። አሥሩን ወደ ስምንትና ወደ አሥራ ሁለት ይለውጣል። መረጃውን ለሁለት ከፍሎ መመሪያውን በአንዱ ግማሽ ብቻ ያበጃል፤ ሌላውን ግማሽ እስከ መጨረሻው አይነካም። በትንሽ ለውጥ የሚፈርስ ትርፍ ከገበያው ሳይሆን ከፈታኙ እጅ የመጣ ነው።

በአገራችን የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 2025 ሲሆን መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። በዚህ አጭር መዝገብ ላይ ትርጉም ያለው ባክቴስት መሥራት አይቻልም፤ የአሜሪካን የ50 ዓመት ውጤትም እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አይገባም። በየዓመቱ የባንኩን የትርፍ ድርሻ መቶኛ የሚጠባበቅ ባለአክሲዮን ግን ከወዲሁ አንድ ጥያቄ መልመድ ይችላል፦ ይህን ያማረ ሠንጠረዥ ከማቅረባችሁ በፊት ስንት መመሪያ ሞክራችሁ ጣላችሁ? ቁጥሩን የሚናገር አቅራቢ ሊደመጥ ይገባዋል። ቁጥሩን የማይናገር ግን፣ የቱንም ያህል ዓመት ወደኋላ ቢሄድ፣ ያሳየን የመረጠውን ብቻ ነው።